ጀማሪ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም

ሰላም ወንድሜ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ላይ እንደ ገጸ ባህሪ ሆነህ ስትተውን፣ ከዌስትፎል እርሻ ወደ ስቶርምዊንድ ከተማ የገባ የ17 ዓመት ምልምል ዘብ ይዘሃል። ልጅነቱን ሳላበዛው እንዴት ላሳየው ነው ጥያቄህ።

መጀመሪያ የሚያውቀውን ስጠው። ስንዴ ያጭዳል፣ ሰማዩን አይቶ ዝናብ ይለያል። ሰይፍ ላይ ግን እጁ አልተፍታታም። ኢሞት (ገጸ ባህሪህ የሚያደርገውን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ) ስትጽፍ «ፈራ» ብለህ አትለፈው። «የሰይፉን ማንጠልጠያ ለሦስተኛ ጊዜ አጠበቀ» በል። ያኔ አብሮህ ለሚጫወተው አንጋፋ ወታደር «አምጣ እስኪ ላሳይህ» የሚልበት በር ይከፈትለታል። ጨዋታው የሚጣፍጠው እዚያ ላይ ነው!

ደግሞ የተማረውን አትርሳ። ትናንት የታረመውን ዛሬም ከደገመው ሰው ይሰለቸዋል። እኔ ደብተር ላይ እይዘዋለሁ።

ከተማ ውስጥም አታስሩጠው። በእርምጃ ይሂድ፣ ቀና እያለ ግንቡን ይመልከት።