የሀይፋው አትክልት ለምን ጨለመብሽ?

ከቤርሼባ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ የላክሻቸውን ፎቶዎች አየኋቸው። በጥር መጀመሪያ ጎህ ሳይቀድ ባቡር ይዘሽ ሀይፋ ወረድሽ። ሦስት ሌንስና ትራይፖድ ተሸክመሽ የባሃኢ ሃይማኖትን አትክልት ስፍራ ከታች፣ ከቤን ጉሪዮን ጎዳና ስታነሺ ዋልሽ። ማታ እግርሽ አብጦ ቤት ገብተሽ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቺው ሰማዩ ነጭ፣ አትክልቱ ጥቁር። «ካሜራዬን ልቀይር ወይ?» ብለሻል።

ኧረ ገንዘብሽን ያዢ! ካሜራሽ ምንም አልሆነም።

አትክልቱ የተሠራው በቀርሜሎስ ተራራ ሰሜናዊ ቁልቁለት ላይ፣ በእርከን በእርከን ነው። ከታች ሆነሽ ሽቅብ ስታዪ ፊትሽ ወደ ደቡብ ነው ማለት ነው። በሰኔ ሀይፋ ላይ የቀትር ፀሐይ 80 ዲግሪ ግድም ትወጣለች፤ አናት ላይ ናት። በጥር መጀመሪያ ግን ከ35 ብዙም አታልፍም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከተራራው ጀርባ ሆና ዓይንሽን ስትወጋሽ ዋለች። ካሜራው ለሰማዩ ይሁን ለሣሩ ሲወዛገብ ሁለቱንም አጣ።

በሚቀጥለው ጊዜ ቀኑን ገልብጪው። ከላይ ጀምሪ። ደረጃውንም በእግርሽ አትውጪ፤ ከታች፣ ከኪካር ፓሪስ ጣቢያ ካርሜሊት ተሳፍረሽ ላይኛው ጣቢያ ጋን ሃኤም ስትደርሺ ከባቡሩ ውረጂ። ከ1959 ጀምሮ ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣ የምድር ውስጥ ባቡር እያለ ትራይፖድ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? ከዚያ ትንሽ ተራምደሽ የፌ ኖፍ መንገድ ዳር ስትቆሚ ፀሐይዋ ከኋላሽ ናት። ከእግርሽ ሥር አትክልቱ፣ ጉልላቱ፣ ወደቡ፣ ባሕሩ።

እዚያ የሚያስቸግርሽ የመቅደሱ ወርቃማ ጉልላት ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ቶሎ ይቃጠላል፤ ከነጣ በኋላ ደግሞ በምንም ማስተካከያ አይመለስም። በጣም የበራውን ቦታ የሚያብለጨልጨውን ማስጠንቀቂያ ካሜራሽ ላይ ክፈቺ። ብልጭታው እስኪጠፋ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ፎቶው የሚያገኘውን ብርሃን ቀንሺ፤ ብዙ ጊዜ መለኪያውን ወደ -0.7 ማውረድ ይበቃል። በሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ምስል ካነሳሽ የጨለመውን ቅጠል ቤት ታበሪዋለሽ።

ከታች የሚነሳውን ለማታ ተዪው። በጥር መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቂ። የእርከኖቹ መብራት ይበራል፣ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው፣ ሁለቱ ይመጣጠናሉ። ትራይፖዱ የሚያስፈልግሽ ያኔ ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ ስትጫኚው እንዳይነቃነቅ የሁለት ሰከንድ ታይመር። ሹተሩ ጥቂት ሰከንድ ቢቆይም ግድ የለም፤ አትክልት አይሮጥም።

ሌንሱ ላይም አንድ ነገር ልበልሽ። በሰፊው ሌንስ ከደረጃው ሥር ስላነሳሽ የላይኞቹ እርከኖች ክብሪት እንጨት መስለዋል። ካሜራውን ወደ ላይ ስላቀናሽ ደግሞ ዛፎቹ ወደ ውስጥ ወድቀዋል። ጎዳናውን ይዘሽ ወደ ባሕሩ በኩል በደንብ ራቂና አቅርቦ በሚያሳየው 70-200 ሌንስ አንሺ። 19ኙ እርከኖች እንደ እንጀራ ይደራረቡልሻል። መሀሉን በትክክል ያዢ፤ አንድ እርምጃ ከሳትሽ ያስታውቃል። የእግረኛ መሻገሪያው ላይ ያለው መሀል ይሠራል፣ ግን አረንጓዴ ሲበራ ብቻ፣ ያለ ትራይፖድ፣ አንድ ሁለት አንስተሽ እልፍ በይ።

ሦስተኛውን ሌንስ ቤት ተዪው። ከመውጣትሽ በፊትም አይኤስኦውን እዪ። እኔ አንድ ጊዜ የማታ ሰርግ ያነሳሁበትን 3200 ሳልቀይር ሙሉ ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ ሠርቻለሁ፤ ፎቶዎቹ በሙሉ አሸዋ የተነፋባቸው ይመስሉ ነበር።

ስትመለሺ ባቡሩ ላይ ተኚ። ደክሞሽ ፎቶ ማጥፋት እንዳትጀምሪ። በዚያች ትንሽ ስክሪን ደብዛዛ የመሰለኝን አጥፍቼ ቤት ስደርስ የቆጨኝ ስንቴ መሰለሽ!