ከድምፅ ላይ ምን እንቀንስ? ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ)፣ በሉፕ (እየተደጋገመ በሚጫወት ቁራጭ ድምፅ) እና ከአካባቢ በሚቀዱ ድምፆች ሙዚቃ ስለመሥራት ከአንባቢያን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አራቱን በዚህ እትም አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በእጄ ያለው ስልክና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ሲንተሳይዘር ለመግዛት አቅሙ የለኝም። በዚህ ብቻ ቁም ነገር ያለው ሥራ መጀመር ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይቻላል። እንዲያውም ይህ ሙዚቃ ሲጀመር ሲንተሳይዘር በገበያ ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1944 ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ወጣት ግብፃዊ ከካይሮ ራዲዮ ጣቢያ ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ ሴቶች የዛር ሥርዓት ወደሚያካሂዱበት ቦታ ሄደ። የቀዳውን ወደ ጣቢያው ይዞ ከተመለሰ በኋላም ከዜማው ላይ መሠረታዊውን የሰው ድምፅ እየቀነሰ፣ ከበላዩ የሚሰሙትን ቀጫጭን አጃቢ ድምፆች ብቻ እያስቀረ፣ ግድግዳው በሚንቀሳቀስ ክፍል ውስጥ መልሶ እያጫወተና ማስተጋባቱን እንደገና እየቀዳ አንድ ሙሉ ሥራ አወጣበት። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በፓሪስ የባቡር ድምፆችን በዲስክ ቀድቶ ያቀናበረውና በብዙ መጻሕፍት የዚህ ጥበብ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ሥራ የተሰማው ከዚያ 4 ዓመት ቆይቶ፣ በ1948 ነው። ኤል ዳብ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረና እ.ኤ.አ. በ1963 በገናን፣ ክራርን፣ መሰንቆን፣ ዋሽንትንና ከበሮን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተ ሰው በመሆኑ፣ ታሪኩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ለእርስዎ የሚጠቅመው ዋናው ነገር ኤል ዳብ በቀዳው ላይ ብዙ አለመጨመሩ፣ ይልቁንም መቀነሱ ነው። ጀማሪዎች አንድ የተቀዳ ድምፅ ደካማ ሲመስላቸው ሌላ ይደርቡበታል፤ በዚያም ላይ ሌላ ይጨምራሉ፤ በመጨረሻም የትኛውም በቅጡ አይሰማም። እኔ ግን የመጀመሪያውን ወር በአንድ ቃጭል ብቻ እንዲሠሩ እመክርዎታለሁ። ስልክዎን ወደ አውሮፕላን ሞድ ይቀይሩት፤ የመቅጃው መተግበሪያ ከፈቀደ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ ፋይል፣ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ጥራት ይቅዱ፤ ድምፁን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማስተካከያም ያጥፉት፤ ይህ ማስተካከያ ካልጠፋ የቃጭሉን ቀስ ብሎ መጥፋት ያበላሽብዎታል። ከዚያም ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር የመጀመሪያውን ምት፣ ማለትም ብረቱ ብረቱን የነካበትን ቅጽበት፣ ቆርጠው ያውጡት። ጆሯችን አንድን መሣሪያ ለይቶ የሚያውቀው በአብዛኛው ድምፁ ሲጀምር ባሉት ጥቂት መቶኛ ሰከንዶች ስለሆነ፣ የቀረው ክፍል ከቃጭል ይልቅ ወደ ትንፋሽ መሣሪያ የቀረበ ሆኖ ይሰማዎታል። ሼፈርም በደወል ላይ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንሱት ደግሞ ድምፁ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ኖታ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ኖታ ያለው ርቀት) ይወርዳል፤ ርዝመቱም በእጥፍ ያድጋል። ከአንዲት ቃጭል እንዲህ ያሉ በርካታ ድምፆች ይወጣሉ፤ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ስለተቀዱም እርስ በርስ ይስማማሉ።

ሲንተሳይዘር መሞከር ሲፈልጉም ገንዘብ አያስፈልግዎትም። ድምፅ የሚፈጥረው ሶፍትዌር ፒዩር ዳታ በነፃ የሚገኝና ለአሮጌ ኮምፒውተር የማይከብድ ነው። ሌላው የሲንተሳይዘር ሶፍትዌር፣ ቪሲቪ ራክም፣ ነፃ ሥሪት አለው፤ ነገር ግን ደካማ ላፕቶፕን ያጨናንቃል።

ጥያቄ፦ የምሠራቸው ሉፖች በተደጋገሙ ቁጥር መጋጠሚያቸው ላይ «ቋ» የሚል ድምፅ ያሰማሉ። ያንን ባስተካክልም ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይሰለቻሉ። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ችግር ቀላል ነው። የድምፁ ሞገድ የሚያበቃበት ከፍታና የሚጀምርበት ከፍታ ካልገጠሙ ስፒከሩ ከአንዱ ወደ ሌላው በቅጽበት ይዘላል፤ የሚሰሙት ያንን ዝላይ ነው። ሁለቱንም ጫፎች ሞገዱ ዜሮ መስመርን በሚያቋርጥበት ነጥብ ላይ ይቁረጡ፤ ወይም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ የሚሆን ማደብዘዣ በሁለቱም ጫፍ ያድርጉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን የዚህ ሙዚቃ ልብ ነው። ሉፕ የሚሰለቸው ስለሚደጋገም ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚመታ ከበሮ ማንንም እስኪነጋ ባላቆየ ነበር። የሚሰለቸው፣ ሁሉም ሉፖች እኩል ርዝመት ስላላቸው በአንድ ጊዜ ጀምረው በአንድ ጊዜ ሲያበቁ ነው። አንዱን የ7 ሰከንድ፣ ሌላውን የ9 ሰከንድ ያድርጉት፤ መነሻቸው እንደገና የሚገናኘው ከ63 ሰከንድ በኋላ ይሆናል። የ11 ሰከንድ ሦስተኛ ሉፕ ቢጨምሩ ደግሞ ሦስቱ አንድ ላይ የሚጀምሩት ከ693 ሰከንድ፣ ማለትም ከ11 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ በአዲስ አቀማመጥ ይሰማሉ። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ስቲቭ ራይክ እ.ኤ.አ. በ1965 ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር አግኝቷል፤ አንድን የሰው ንግግር የያዙ ሁለት የቴፕ ሉፖች በሁለት ማጫወቻዎች ላይ አብረው ሲዞሩ፣ የማጫወቻዎቹ ፍጥነት በጥቂቱ ስለሚለያይ ቀስ በቀስ እየተራራቁ ሄዱ፤ ከመራራቃቸውም ማንም ያልጻፈው ምት ተወለደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ሲከፈቱ የሚሰጡን በ4/4 (በአራት እኩል ምት) የተከፈለ መስመር ነው፤ ብዙ ወጣቶቻችንም ሳያስቡበት በዚያው ይቀጥላሉ። ጭክጭካ ግን በ6/8 (በስድስት አጫጭር ምት) የሚሄድ ምት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያውን ይቀይሩ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ፍጥነትን የሚቆጥሩት በሩብ ኖታ በመሆኑ፣ ፍጥነቱን በደቂቃ 150 ላይ ቢያደርጉ አንዱ የ6/8 ቤት (አንድ የምት ዙር፣ ማለትም 3 ሩብ ኖታ) በትክክል 1.2 ሰከንድ ይሆናል፤ የሉፕዎን ርዝመት ከዚህ ተነስተው ያስሉ። ከዚያም ይህን ምት የማይከተል፣ ለምሳሌ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወረደ ዝናብ የተቀዳበት ረጅም ሉፕ ቢያሰልፉበት፣ ምቱ የበለጠ ጎልቶ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሲንተሳይዘር ገዝቻለሁ። አባቴ በአንቺሆዬ ቅኝት የተጫወተውን የክራር ቅጂ ከሲንተሳይዘሩ ጋር ሳጫውተው ግን አይጣጣሙም። ክራሩን በሶፍትዌር ላስተካክለው? (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ እባክዎ ክራሩን አይንኩት። የእርስዎ ሲንተሳይዘር አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱም ክፍል 100 ሴንት (የድምፅ ከፍታ ልዩነት መለኪያ) ነው። የክራር ተጫዋች ግን አውታሮቹን የሚቃኘው በጆሮው፣ ብዙውን ጊዜም ለዘፋኙ ድምፅ በሚመች መንገድ ነው፤ በተለይ በአንቺሆዬ የሚገኙት ጠባብ ርቀቶች በ12ቱ እኩል ክፍሎች ላይ በትክክል ላያርፉ ይችላሉ። አባትዎ የቃኙት ቅኝት ስሕተት ስላልሆነ መታረም የለበትም። መታረም ያለበት ማሽኑ ነው።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ከቅጂው ውስጥ እያንዳንዱ አውታር ለብቻው የሚሰማበትን ቦታ ፈልገው በመቃኛ መተግበሪያ ይለኩና በሴንት ይመዝግቡ። ሲንተሳይዘርዎ የራስዎን ቅኝት የሚቀበል ከሆነ እነዚያን ቁጥሮች ያስገቡለት፤ የማይቀበል ከሆነ እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ ይቅዱና በኮምፒውተር ላይ በሚፈለገው ሴንት ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉት። አድካሚ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ግን ለዘለቄታው ያገለግልዎታል።

ስለ ድምፁ ቀለምም ልንገርዎት። በገና ያንን የሚያንዛርር ድምፅ የሚያገኘው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው፤ ቆዳው የአውታሩን ንዝረት እየነካ በአጃቢ ድምፆች ይሞላዋል። በሲንተሳይዘር ላይ የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ሞገድም እንዲሁ በአጃቢ ድምፆች የተሞላ ነው፤ የፊልተሩ ሥራ ከዚያ ሙላት ላይ የማይፈለገውን መቀነስ ነው። በገናን ለማስመሰል አይሞክሩ፤ ውጤቱ ሁልጊዜ ያሳዝናል። ፊልተሩ ቀስ ብሎ እየተከፈተ ሲዘጋ ግን ከክራሩ በታች የሚቆም ጥሩ መደብ ያገኛሉ። እርስዎ ባሉበት አካባቢ ኢትዮጵያዊው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖን፣ ሲንተሳይዘርንና የከበሮ ማሽንን ብቻቸውን እየደራረቡ አንድ ሙሉ አልበም ቀድተዋል። ፈልገው ቢያዳምጡት፣ አዲሱ መሣሪያ ለአሮጌው ዜማ ቦታ ሲለቅ ምን እንደሚመስል ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ይሰማዎታል።

ጥያቄ፦ የላሊበሎችን የንጋት ዜማና የቤተ ክርስቲያን ማሕሌት በስልኬ ቀድቻለሁ። ቆራርጬ በሥራዬ ውስጥ ብጠቀምባቸው ነውር አለው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ፈቃድ ካልጠየቁ አዎን፣ ነውር አለው። በሀገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም (ሥራውን ለሚዘፍኑና ለሚጫወቱም) መብት ይሰጣል፤ ጉዳዩ ግን ከሕግም በላይ ነው። ላሊበሎች ጎሕ ሳይቀድ ሰው ደጅ ቆመው ሲያዜሙ ብዙዎቹ ፊታቸውን ይሸፍናሉ፤ ማንነቱ እንዲታወቅ ያልፈለገን ሰው ድምፁን ወስዶ በሌላ ሀገር ስፒከር ማሰማት ፊቱን ከመግለጥ አይለይም። ይቅረቧቸው፤ ድምፁን እንደሚቆርጡትና እንደሚለውጡት ሳይሸሽጉ ይንገሯቸው፤ ከተስማሙም ይክፈሏቸው። ለማሕሌቱ የደብሩን አስተዳዳሪ ይጠይቁ፤ «አይሆንም» ካሉዎት ቅጂውን ይሰርዙት። በዚያው ቅጥር ግቢ፣ ማሕሌቱ ከመጀመሩ በፊት በዛፎቹ ላይ የሚንጫጩትን ወፎች ለመቅዳት ቢፈልጉም አስቀድመው ያስፈቅዱ።

ፈቃድ ላገኙበት ቅጂ ሁሉ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የፈቀደልዎትን ሰውና የፈቀዱልዎትን የአጠቃቀም ዓይነት በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉ፤ የፋይሉንም ስም ከደብተሩ ተራ ቁጥር ጋር ያመሳስሉት።