ወንድምሽ የያዘው የማጅራት ገትር ቲቢ ለምን ዘግይቶ ታወቀ?
አብሽሪ እህቴ። «ወንድሜ ደሴ ላይ ሦስት ሳምንት የታይፎይድ መድኃኒት ሲወስድ ከርሞ አሁን የማጅራት ገትር ቲቢ ሳይሆን አይቀርም አሉን። እንዴት ሳይታወቅ ቀረ? ከወገቡ ፈሳሽ እንውሰድ ሲሉስ እሺ እንበል?» ብለሻል።

የኛም ቤት ታሪክ ይኸው ነው። ሐይቅ ከተማ ያለው አጎቴ ራሱን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ምግብ ጠልቷል። መጀመሪያ ታይፎይድ፣ ቀጥሎ ወባ ተባለ። ጠበሉም ዱዓውም ተሞከረ፤ ወሎ አይደል? አንድ ቀን ቡና ላይ ሲኒውን እንደያዘ ጋቢው ላይ ደፋው። አላወቀውም። የልጁም ስም ጠፋው። ያኔ ነው የደነገጥነው።

በሌሎች ባክቴሪያዎች የሚመጣው የተለመደው ማጅራት ገትር በሰዓታት ወይም በቀናት ሰው ይጥላል። የቲቢው ግን ለሳምንታት ያዘግማል፤ ሳል ላይኖር ይችላል፣ አንገት መገተሩም ይዘገያል። ስለዚህ ሐኪሙን ብቻ አልወቅስም። ግን አልለቅ ያለን ትኩሳት በዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ብቻ ታይፎይድ እያሉ መቀጠል ያናድደኛል።

ሐኪሙ ካዘዘ ፈሳሹ ይወሰድ። ሽባ ያደርጋል የሚባለው ወሬ ነው፤ መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ ነጌቲቭ ቢልም ቲቢ የለም ማለት አይደለም። መድኃኒት እንጀምር ካሉ «ውጤት እንጠብቅ» አትበሉ፤ በዚህ በሽታ ቀን መግደል አደገኛ ነው።

መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ይወሰዳል። መድኃኒቱን እየወሰደ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ለሐኪሞቹ ቶሎ ንገሯቸው። አጎቴ አንድ ጆሮው ባይሰማም ዛሬ ሲኒውን ራሱ ይይዛል።