ወንድሜ ስላኮረፈኝ ከቁርባን ልቅር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ በቁርባን ያገባሁ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትንሽ ሱቅ አለችን። ታላቅ ወንድሜ በገበያ ቀን ከቡሬ እየመጣ ገንዘብ ይወስዳል፤ መልሶ አያውቅም። ባለቤቴ በዚህ ተማሯል። አሁን ደግሞ ለብድር ዋስ ሁኚኝ ሲለኝ «አልችልም» አልኩት። «ስለ ማርያም ብዬ ለምኜሽ እንቢ አልሽ፤ አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም» ብሎ አኩርፎ ሄደ። በፍልሰታ ልንቆርብ አስበን ነበር። እሱ እንዳዘነብኝ መቁረብ እችላለሁ? እንቢ ማለቴስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ፍልሰታ ስለደረሰ ከቁርባኑ ልጀምር። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል (ማቴ. 5፥23-24)። ወንድምሽን ሰድበሽው ወይም በሰው ፊት አዋርደሽው ከሆነ ሳትታረቂ አትቅረቢ። ዋስ አለመሆንሽ ግን በደል አይደለም፤ የእሱን ነገር አልወሰድሽበትም። ቅዱስ ጳውሎስ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ይላል (ሮሜ 12፥18)። የምትጠየቂው በአንቺ በኩል ስላለው ነው። ኩርፊያውን በገንዘብ ግዢ የሚል ትእዛዝ የለም።

እንቢ ማለት በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ጌታ ርስት አካፍለን ያለውን ሰው ባልመለሰው ነበር (ሉቃ. 12፥13-14)። ስለ ዋስትና ደግሞ ምሳሌ 6፥1-5 ግልጽ ነው፤ ለባልንጀራህ ተይዘህ እንደሆነ ሳትተኛ ራስህን አድን ይላል። ተበዳሪው ካልከፈለ የሚጠየቀው ዋሱ ነው፤ ወለዱም አብሮ ይመጣል። የልጆችሽን እንጀራ ሳትነኪ ዕዳውን በሙሉ መክፈል ካልቻልሽ አትፈርሚ። በጋራ ሀብት ላይ ደግሞ ያለ ባልሽ ስምምነት ዋስ መሆን በሕግም አይፈቀድም።

«ስለ ማርያም» የልመና ቃል ነው። የሚቀምሰው ያጣ ሰው በእመቤታችን ስም ሲለምን ካለሽ ላይ ትሰጫለሽ፤ ስሟ ግን ለብድር ወረቀት ማስፈረሚያ አይሆንም። ግዝት ብሎሽ ከሆነ ጉዳዩ የካህን ነውና ለብቻሽ ሳትወስኚ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።

ይህ ማለት ግን በር ዘግተሽ ተቀመጪ ማለት አይደለም። ገላትያ 6 በቁጥር 2 የሌላውን ሸክም ተሸከሙ ይላል፣ በቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ይሸከማል ይላል። ሕመም፣ ሐዘን፣ በረዶ የመታው ሰብል የጋራ ሸክም ነው፤ ዕድርም የቆመው ለዚሁ ነው። አረቄ ቤት የተከመረ ዕዳ የራሱ የባለዕዳው ነው። የወላጅ ጡረታ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ አባትና እናታቸውን ላለመጦር «ቁርባን ነው» (ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው) ያሉትን ጌታ ገሥጿል (ማር. 7፥9-13)። የእናትሽን ቀለብ ለመቀነስ ይህን መልስ የሚጠቅስ ሰው ቢኖር እኔ የለሁበትም።

አሁን ከባልሽ ጋር ተቀመጪና ለዘመድ የሚሆነውን ጠያቂ ሳይመጣ ወስኑ። ሱቁ በወር 10,000 ብር ቢያተርፍ 1,000ው አሥራት ነው፤ ከቀረው 500 ለዘመድ ብትሉ፣ እሱ ካለቀ እስከሚቀጥለው ወር አለቀ። ብድር ብለሽ የምትሰጪው ደግሞ ባይመለስ የማያጣላሽን ያህል ብቻ ይሁን።

ለወንድምሽ ስትነግሪው ደንበኛ ፊት አይሁን፤ ከገበያ ቀን በፊት፣ በአጭሩ፦ «ወንድምዓለም፣ ዋስ አልሆንም። ልጆችህ ቢታመሙ ግን በሌሊትም ጥራኝ።» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምክንያት ከደረደርሽ ለእያንዳንዱ መፍትሔ ይዞ ይመጣል። «ከስረናል» ካልሽ መደርደሪያው ሙሉ መሆኑን ያያል፤ ውሸቱም ሌላ ንስሐ ይሆንብሻል። «ባሌ ስለከለከለኝ ነው» ካልሽ ሁለቱን አጣላሽ። ከሁሉ የሚከፋው ሁለቴ እንቢ ብሎ በሦስተኛው መስጠት ነው፤ ደጋግሞ መጨቅጨቅ እንደሚያዋጣ ታስተምሪዋለሽ። ሰላምታ መንፈግም አይገባም። አብርሃም ጠብ እንዳይሆን ከሎጥ ተለየ (ዘፍ. 13)፤ ሎጥ በተማረከ ጊዜ ግን 318 ሎሌዎቹን አስከትሎ ሄዶ አስጣለው (ዘፍ. 14)።

ዛቻ ወይም ዱላ ካለበት ነገሩ ሌላ ነው፤ ብቻሽን አታነጋግሪው፣ ለሽማግሌና ለሕግ አመልክቺ።

ከቁርባኑ በፊት ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ሽማግሌ ይዘሽ ቡሬ ውረጂ። ክፉ ቃል ወጥቶሽ ከሆነ ለዚያ ብቻ ይቅርታ ጠይቂ፤ የዋስትናውን ነገር እንደገና አትክፈቺው። አልታረቅም ካለም የተባባላችሁትን፣ የራስሽንም ቃል ሳትደብቂ፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ቁረቢ ወይም ቆዪ የሚሉሽ እሳቸው ናቸው።