ለምን 12 ድንጋይ?

ጥያቄ፦ በጽዋ ማኅበራችን የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ኤልያስ የነበረው በሰሜኑ መንግሥት ነው፣ እዚያ ያሉት ደግሞ አሥር ነገድ ናቸው። ታዲያ ቀርሜሎስ ላይ መሠዊያውን በ12 ድንጋይ ለምን ሠራው? አሥር አይበቃም ነበር?
(አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ስንቶቻችን አንብበን አልፈነዋል! አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 18ን ዛሬ ጠዋት እንደገና ገልጬ አነበብኩት፣ ሕዝቡ ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ተሰብስቦ ኤልያስ አምላኩ በእሳት እንዲመልስለት የጸለየበትን ታሪክ።

ከሰሎሞን ሞት በኋላ አገሩ ለሁለት ተከፈለ፣ ደቡቡ ይሁዳ፣ ሰሜኑ እስራኤል። ከዚያ በፊት ነቢዩ አኪያ አዲስ ልብስ 12 ቦታ ቀዶ አሥሩን ቁራጭ በኋላ በሰሜኑ ለነገሠው ለኢዮርብዓም ሰጥቶት ነበር። ኢዮርብዓምም ሲነግሥ፣ ሕዝቡ ለመሥዋዕት ኢየሩሳሌም እየወጣ ልቡ ወደዚያ እንዳይመለስ ብሎ ቤቴልና ዳን ላይ የወርቅ ጥጃ አቆመ። ኤልያስ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ከሆነ ከ50 ዓመት በላይ አልፎታል። ቀርሜሎስ ላይ ከተሰበሰበው ሰው ብዙው ተወልዶ ያደገው በተከፈለ አገር ነው።

ድንበሩን ያን ቀን ማንም አላፈረሰውም። የሰሜኑ ንጉሥ አክዓብም ዙፋኑ ላይ ነው። እግዚአብሔር ፊት የሚቆጠሩት ነገዶች ግን አሁንም 12 ናቸው። መሥዋዕቱ ላይ የፈሰሰውን ውኃም ልብ በይ፣ አራት ጋን ሦስት ጊዜ፣ እሱም 12 (ይሄ እንኳ የኔ ስሌት ነው፣ መጽሐፉ አይደምረውም)። ጸሎቱ ላይ ደግሞ «የአብርሃምና የይስሐቅ የእስራኤልም አምላክ» ይላል፣ ያዕቆብ አላለም። የሰሜኑ መንግሥት ለብቻው ይዞት የነበረውን ስም ለ12ቱም ነገድ አባት ለያዕቆብ መለሰለት፣ እስራኤል የእሱ ሌላ ስሙ ነውና።

እኔን በጣም የሚነካኝ ድንጋዩ ራሱ ነው። ኦሪት ዘፀአት 20 የመሠዊያ ድንጋይ እንዳይጠረብ ያዛል። ሰፈራችሁ ውስጥ ውስጡን ኮብልስቶን ሲነጠፍ አይተሽ ይሆናል፣ ልጆቹ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ በመዶሻ ይጠርቡታል፣ እኩል ካልሆነ አይገጥምማ። መሠዊያው እንደዚያ አይደለም። ጎበጥ ያለውም ሹሉም እንዳለ ይደረደራል። እሳቱ ሲወርድም ይሄ የይሁዳ፣ ያ የሮቤል ሳይል ድንጋዮቹን ጭምር በላቸው።

ለሚቀጥለው ማኅበራችሁ ሕዝቅኤል 37ን ከቁጥር 15 ጀምራችሁ አንብቡ። እዚያ በአንዱ በትር ላይ ይሁዳ፣ በሌላው ላይ ዮሴፍ (ሰሜኑ ማለት ነው) ተብሎ ይጻፍና ነቢዩ እጅ ላይ አንድ ይሆናሉ። ያኔ የሰሜኑ መንግሥት ከፈረሰ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ሕዝቅኤልም ራሱ ባቢሎን ምርኮኛ ነው። ስትጨርሱ ምን እንደተባባላችሁ ጻፊልኝ።