በ15,000 ብር ደመወዝ ስንት መበደር ይቻላል? (መልስ)

ወንድሜ፣ «ባሕር ዳር እሠራለሁ፣ በእጄ የሚገባው 15,000 ብር ነው፣ ስንት መበደር እችላለሁ?» ላልከው፦ መጀመሪያ ወርሃዊ ክፍያውን አስላ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ የሚቆረጠው በድምሩ ከሲሶው እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አንተም ጣሪያህን 5,000 አድርገው። ሌላ ዕዳ ካለብህ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል።

ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው እንበል። በ2 ዓመት ወደ 100,000፣ በ3 ዓመት ወደ 138,000 ብር ታገኛለህ። የ3 ዓመቱ ወለድ ግን 42,000 ገደማ ይደርሳል፤ የ2 ዓመቱ 20,000 ብቻ ነው። እባክህ 2 ዓመቱን ምረጥ።

የባሕር ዳርን የቤት ኪራይ አንተም ታውቀዋለህ። ኪራዩ፣ ዕቁቡና ለቤተሰብ የምትልከው በቀሪው 10,000 ካልተሸፈነ ብድሩን ቀንሰው።

ሳትፈርም ወለዱ በምን ላይ እንደሚሰላ ጠይቅ። በቀሪው ዕዳ ሳይሆን በመነሻው ብድር ላይ ከሆነ፣ 100,000ው ወደ 88,000 ይወርዳል።