የማይግሬን መርፌን ቤት ውስጥ ራስን ስለመውጋት ለቀረበው ጥያቄ

እህቴ፣ ወንድምዎ ከውጭ አገር የላከልዎትን ባለ 6 ሚሊ ግራም የሱማትሪፕታን መርፌ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤትዎ ራስዎ ቢወጉት ጉዳት ይኖረው እንደሆነ ጠይቀዋል። ይህንኑ መርፌ ድሬዳዋ ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ ለዓመታት ስለተጠቀምሁበት የማውቀውን ልንገርዎ። መውጋቱ በጥቂት ልምምድ የሚቻል ነው፤ አደጋው ያለው ከመርፌው አስቀድሞ በሰውነትዎ ውስጥ በገባው ነገርና በልብዎና በደም ሥርዎ ጤንነት ላይ ነው።

በጥያቄዎ ውስጥ እጅግ ያሳሰበኝ፣ «መጀመሪያ የለመድሁትን ኪኒን እወስዳለሁ፤ ካልተሻለኝ መርፌውን እጨምራለሁ» ያሉት ነው። ብዙዎቻችን በደፈናው የማይግሬን ኪኒን የምንለው ኤርጎታሚንና ካፌይን የተቀላቀሉበት ነው። ኤርጎታሚንም ሱማትሪፕታንም የደም ሥርን ያጠባሉ፤ ሁለቱ ሲደራረቡ የልብ ደም ሥር ጭምር ሊኮማተር ስለሚችል፣ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት ማለፍ አለበት። ስለዚህ የኪኒንዎን ማሸጊያ ገልብጠው ይዘቱን ያንብቡ፤ ኤርጎታሚን ካለበት ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ እንጂ በአንድ ቀን አያገናኟቸው። ሌላ የትሪፕታን (የሱማትሪፕታን ቤተሰብ የሆነ) ኪኒንም ቢሆን ሕጉ ያው ነው። ለድብርት የሚሰጡ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ከሆነም፣ አንዳንዶቹ ከዚህ መርፌ ጋር ስለማይስማሙ አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ የማያገኙት፣ እኛ አካባቢ ግን መነሳት ያለበት ጉዳይ ጫት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥርንም ያጠባል። በዚህ ላይ የደም ሥር የሚያጠብ መርፌ መጨመር በእኔ እምነት ፈጽሞ የማይሞከር ነገር ነው። ሐኪሙ ባይጠይቅዎ እንኳ እርስዎ ሳያፍሩ ይንገሩት፤ ይህን መደበቅ ከመርፌው ይልቅ ያስፈራኛል። ከበርጫ በኋላ የሚመጣው እንቅልፍ ማጣትና ምግብ መዝለል ራሳቸው ማይግሬን እንደሚቀሰቅሱም ልብ ይበሉ።

የልብ ሕመም፣ ቀደም ሲል የደረሰ ስትሮክ፣ ወይም በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን መርፌ መውሰድ የለበትም። ስኳር፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ወይም የማጨስ ልማድ ካለብዎ፣ ወይም የወር አበባዎ ካረጠ፣ ሐኪም ልብዎን ሳይመረምር አይጀምሩት። እኔ የመጀመሪያውን የተወጋሁት ክሊኒክ ውስጥ ግፊቴ ተለክቶ ነው፤ ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ ነው። መርፌው ከገባ በኋላ ሙቀት፣ መንዘር፣ የአንገትና የደረት መጨነቅ ሊሰማዎ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ያልፋል። ነገር ግን የደረቱ ሕመም ካልለቀቀ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከተዛመተ፣ ወይም ላብና የትንፋሽ ማጠር ከተከተለው፣ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

መርፌው የሚወጋው የራስ ምታቱ ሲጀምር ነው፤ ዓይን ላይ ብልጭታ ብቻ በሚታይበት ጊዜ አይደለም። በጭኑ የውጭ ጎን ወይም በላይኛው ክንድ፣ በጸዳ ቆዳ ላይ፣ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ በደም ሥር በፍጹም አይሰጥም። ምንም ካልተሻለዎ ለዚያው ሕመም ሁለተኛ መርፌ አይጨምሩ። ከተሻለዎ በኋላ ሕመሙ ከተመለሰ ግን፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተው መድገም ይቻላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 ሚሊ ግራም ማለፍ ግን አይፈቀድም። ያገለገለውን መርፌ በጠንካራ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅመው ለጤና ተቋም ያስረክቡ።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ከብርሃን ተሸሽጎ መቀመጥ አለበት። ሐረር ላይ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ድሬዳዋ ግን በግንቦትና በሰኔ ቤት ውስጥ እንኳ ከዚህ ስለሚያልፍ፣ ከበረዶ ማስቀመጫው በታች ባለው የፍሪጅ ክፍል ያኑሩት። በመኪና ውስጥ ግን አይተዉት። ከውጭ የመጣልዎ ስለሆነ፣ የማብቂያ ቀኑንና የፈሳሹን ጥራት ለፋርማሲስት ያሳዩ፤ ከደፈረሰ አይወጉት።

በወር ውስጥ 10 ቀንና ከዚያ በላይ መርፌ የሚያስፈልግዎ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ሊያመጣ ስለሚችል፣ እንደ ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ መከላከያ ስለመጀመር ሐኪምዎን ያማክሩ። የተወጉበትን ቀን በካሌንደር ላይ ማስፈር ለዚህ ይረዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከተማችን ወባም ደንጊም ያለባት ስለሆነች፣ ትኩሳት ያለበትን ራስ ምታት ማይግሬን ነው ብለው አይወጉበት፤ አስፕሪንም ሆነ ዳይክሎፌናክ ሳይወስዱ መጀመሪያ ደምዎን ይመርመሩ። በድንገት የመጣ፣ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት ከባድ ሕመም፣ የአንገት መገተር ወይም የአካል መስነፍ ካለም ቤት ውስጥ አይቆዩ።